የጅግጅጋ ሜዳ፦ ማሳ፣ ግጦሽና ወፍ

ከካራማራ ተራራ ማዶ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ የጅግጅጋ ሜዳ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያም ድንበሩን አልፎ ወደ ሶማሊላንድ ይዘረጋል። ሶማሊው እንዲህ ያለውን ዛፍ የሌለበት የሣር ምድር «ባን» ይለዋል። የባኑ አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ዛፍ እንደ ልብ አይበቅልበትም፤ ሣር ግን ይስማማዋል። ከዚያ ሣር ብዙው ዛሬ ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ይዘራበታል።

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገበሬውና አርብቶ አደሩ በልማድ ሲጠቀሙበት የኖሩት መሬት ለወፎች ይበጃል ወይስ ይጎዳል? በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ብዙዎቹም ሰው በሚያርሰውና ከብት በሚግጥበት ምድር ላይ ውለው የሚያድሩ ናቸው። በጉዳዩ ላይ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የብዙው ጥናት ምንጭ ደጋውና የቡና ጫካው ነው። ከዚያ የተገኘውን መልስ ሳይመረምሩ ወደ ጅግጅጋ ማምጣት ትልቅ ስህተት ያስከትላል። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ባህላዊ» የቱ ነው?

ክርክሩ የሚደበላለቀው ገና ከቃሉ ነው። በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ቢያንስ ሦስት ዓይነት «ባህላዊ» አያያዝ ጎን ለጎን አለ።

በምዕራብ፣ በጉርሱምና በባቢሌ በኩል፣ ከሐረርጌ ደጋ ጋር የተያያዘው የገበሬ አገር ይገኛል። ተዳፋቱን የድንጋይ እርከን ይዞታል፤ ማሳውን ቁልቋልና ቅንጭብ ያጥረዋል፤ ማሽላው ከጫትና ከለውዝ ጋር ይፈራረቃል፤ በመሀል የቀሩ ግራርና ሾላዎች አሉ። በጅግጅጋ ዙሪያ፣ በቱሊ ጉሌድ፣ በአውበሬና በቀብሪ በያህ ደግሞ ከፊል አርብቶ አደሩ አለ። ይህ ሰው ያርሳል፤ ሀብቱ ግን ከብቱ ነው፤ አዝመራው ሲነሳ ማሳው ግጦሽ ይሆናል። ሦስተኛው ሐርሺንንና ሐውድን ይዞ የሚዘልቀው የአርብቶ አደሩ ምድር ነው። እዚያ መሬቱን የሚቀርጹት የግመልና የበግ ኮቴ፣ የውሃ ጉድጓድና የዝናቡ ጊዜ ናቸው።

«ባህላዊ እርሻ ወፍን ይጠብቃል» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን እያሰበ ነው። «እርሻ ወፍን አጠፋ» የሚለው ደግሞ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲለወጥ ያየውን ይናገራል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሜዳው እንዴት ታረሰ?

ባኑ በሰው ያልተነካ ምድር አልነበረም። ለዘመናት ከብት ሲግጠው ኖሯል። መንጋው ዲራዕና ከረን በሚባሉት የዝናብ ወቅቶች ወደ ሜዳው ይመጣል፣ ሲደርቅ ውሃ ፍለጋ ይለቃል፤ በዚህ መፈራረቅ ሣሩ የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው። ሰው ሜዳውን ለቆ እንዲሄድ ያስገደደው የውሃ እጦት ራሱ የሣሩ ጠባቂ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1897 ራስ መኮንንና የእንግሊዙ ልዑክ ሬኔል ሮድ ሐረር ላይ የተስማሙበት ድንበር ሜዳውን ለሁለት ከፈለው። ስምምነቱ በሁለቱም ወገን ያሉት ጎሳዎች ግጦሹን እንዲጠቀሙ ስለፈቀደ የመንጋው ጉዞ ወዲያው አልተቋረጠም። እርሻው ግን እየገባ ሄደ። በጅግጅጋ ዙሪያ የሚኖሩት ሶማሌዎች የበሬ እርሻን ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ወሰዱ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በሐውድ «ቢርካ» እየተበራከተ መጣ፤ ይህም በሲሚንቶ የተለበጠ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ነው። ቢርካ ባለበት ሰው በበጋም ይቀመጣል፤ ሰው ከተቀመጠ ሣሩ አያርፍም። ለአካባቢው ሕዝብ ትልቅ እፎይታ የሆነው ፈጠራ የግጦሹን ዑደት ከሥሩ ለወጠው።

በ1988 የሰሜን ሶማሊያ ጦርነት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን ወደዚህ ሜዳ አፈሰሰ። ሐርቲ ሼክ በዘመኑ በዓለም ከሚታወቁት ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም በ2004 ነው። በጣቢያዎቹ ዙሪያ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል፣ ሣሩ ለከብት ዋለ። ከዚያ ወዲህ የመጡት የኪራይ ትራክተር፣ የግል አጥርና የጅግጅጋ ከተማ መስፋፋት ናቸው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። በሐረርጌ ደጋ እርሻው ጫካን ተክቶ የገባ ነው። በጅግጅጋ ግን የተተካው ሣር ነው። የወፎቹ ዕጣ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ከደጋው የተገኘው መልስ

ባህላዊ እርሻን የሚያሞግሰው ወገን ጠንካራ ማስረጃ አለው። በ2015 ኤቫን ቢክሊ፣ ቻግን ሼከርጅዮሉና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥላ ሥር የሚለማውን ቡና ከተፈጥሮ ጫካው ጋር አነጻጽረው ነበር። በቡናው ውስጥ የተገኙት የወፍ ዝርያዎች በጫካው ካሉት በእጥፍ የሚበልጡ ሆኑ፤ በጫካው ከታዩት ዝርያዎችም አብዛኞቹ በቡናው ውስጥ ተገኙ። የኢትዮጵያ የጥላ ቡና በዓለም ለወፍ ከሚስማሙት ቡናዎች ሁሉ ቀዳሚ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። አሮን ጎቭና አብረውት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያካሄዷቸው ጥናቶችም ዛፍ፣ አጥርና ልዩ ልዩ ሰብል የተቀላቀለበት ማሳ ብዙ ዓይነት ሥራ ያላቸውን ወፎች፣ ተባይ በዪውንም ዘር በታኙንም፣ እንደሚያስጠጋ አሳይተዋል። በትግራይ ከከብት ተከልለው ያገገሙ ተራሮች ላይ የተደረገ ጥናትም ቁጥቋጦው ሲመለስ ወፉም እንደሚመለስ መስክሯል።

ነገር ግን በዚያው የቡና ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። ጫካ ብቻ የሚኖሩትና ከዛፍ ሥር ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች በጫካው ውስጥ ከቡናው ይልቅ በብዛት ተገኝተዋል። የዝርያው ድምር በቡናው የበዛው በየትኛውም ቦታ መኖር የሚችሉ ወፎች ስለተጨመሩበት ነው። ስለዚህ «ስንት ዝርያ አለ?» ብሎ መጠየቅና «ሌላ ቦታ መኖር የማይችለው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ለየቅል ናቸው። በደጋው ይህ ልዩነት የደረጃ ጉዳይ ነው። በጅግጅጋ ግን ዋናው ጉዳይ ራሱ ነው።

ዛፍ በሌለው ባን ላይ ማሳ ቢከፈት፣ አጥር ቢተከል፣ ጥቂት ዛፍ ቢበቅል የወፍ ዝርያው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ዋኔ፣ ጎጆ ሠሪ፣ ቁራ፣ ድንቢጥ ይመጣሉ። ቆጣሪው በመዝገቡ «ብዝኃ ሕይወት ጨመረ» ብሎ ይጽፋል። በዚያው ዓመት የባኑ ባለቤት የሆነች ወፍ ልትጠፋ ትችላለች።

ለ90 ዓመት የጠፋችው ወፍ

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1920 ስቲቨንሰን ክላርክ አንዲት ላርክ የምትባል የሣር ዘማሪ ወፍን ለሳይንስ አስተዋወቀ፤ ስሟንም የብሪታንያ ሶማሊላንድ አስተዳዳሪና የወፍ አጥኚ ለነበረው ለጄፍሪ አርቸር ሰጠ። የተገኘችውም በወጃሌ ሜዳ፣ ማለትም ይኸው የጅግጅጋ ባን ድንበሩን ተሻግሮ በሚቀጥልበት ቦታ ነው። ከ1922 በኋላ በዚያ ስፍራ በእርግጠኝነት ያያት አልተገኘም።

ወፏ ትንሽ ናት፤ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። ጀርባዋ የደረቀ ሣር ይመስላል፤ አንገቷ ቀጭን ነው፤ የእግሯ የኋላ ጥፍር ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ያለ ጥፍር ለሣር እንጂ ለቅርንጫፍ አይመችም። ወንዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ባለበት እየተርገበገበ ያዜማል፣ ከዚያ ወደ ሣሩ ይጠልቃል። ሴቷ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ከሣር ሥር ነው። በጣም ያጠረ ሣር ጎጆውን አይሸሽግም፤ በጣም ያደገም አያስኬዳትም። የምትፈልገው በመሀል ያለውን ነው፤ ይህን ዓይነት ሣር ደግሞ የሚያበጀው በልክ የሚግጥ ከብት ነው።

በ1968 ከነጌሌ ቦረና አጠገብ፣ ሊበን ሜዳ ላይ፣ ተመሳሳይ ወፍ ተገኘች። በ1975 ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር ሌላ ዝርያ ናት ብሎ መዘገባት። ሁለቱ ሜዳዎች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ከዚያም በጅግጅጋ አቅራቢያ በቀረ የሣር መሬት ላይ እንዲህ ያሉ ላርኮች ተገኙ። በ2013 ክሌር ስፖቲስዉድና ባልደረቦቿ የዲኤንኤ ንጽጽር አሳትመው የሊበኗ፣ የጅግጅጋዋና የአርቸሯ ወፍ አንድ ዝርያ መሆናቸውን አስታወቁ። ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና ሳይንሳዊ ስሟ የአርቸር ሆኖ ቀረ፤ በተለምዶ ግን የሊበን ላርክ ትባላለች።

ድንበሩ ማዶ ባለው ወጃሌ ሜዳ የተደረገው ፍለጋ ወፏን አላገኘም። ፈላጊዎቹ ያገኙት በእርሻ የተለወጠ ሜዳ ነው። በኢትዮጵያ በኩል የተረፈችው በቀሩት የሣር ቁራጮች ላይ ነው።

ግጦሹ ነው ወይስ ማረሻው?

ስለ ወፏ መመናመን የተጻፈው በጊዜ ሂደት ሐሳቡን ቀይሯል። ለዚህ ዳሰሳ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመውም ይህ ለውጥ ነው።

በ2009 የስፖቲስዉድ ቡድን የሊበን ላርክ በአፍሪካ ዋና ምድር የመጀመሪያዋ የጠፋች ወፍ ሆና ልትመዘገብ እንደምትችል አስጠነቀቀ። ያኔ የተገመተው ከ90 እስከ 256 የሚሆኑ አዋቂ ወፎች ነበር። ዋናው ተጠያቂ የግጦሽ መሬቱ መጎዳት ተባለ። ሣሩ ከልክ በላይ ይጋጣል፤ በቦረና ሰደድ እሳት ከተከለከለ በኋላም ቁጥቋጦ ሜዳውን እየወረረ ነው። በዚያው ዓመት ወፏ በዓለም አቀፉ ዝርዝር ላይ «እጅግ ለመጥፋት የተቃረበች» ተባለች።

ብሩክታዊት አብዱ ማሕሙድና ባልደረቦቿ ከ2007 እስከ 2019 የተሰበሰበውን የመስክ መረጃ ከሳተላይት ምስል ጋር አዋሕደው ባሳተሙት ጥናት ግን ሥዕሉ ተለወጠ። በ2007 ወደ 279 ይጠጋሉ ተብለው የተሰሉት ዘማሪ ወንዶች በ2013 ወደ 51 ወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ የተገኙት ለስሌት እንኳ አልበቁም። (የሁለቱ ጥናቶች ቁጥር የማይገጥመው ስሌታቸው ስለሚለይ ነው። ውድቀቱ ላይ ግን ይስማማሉ።) በሊበን ሜዳ እርሻ የታየው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ በለሙ ጥቁር አፈሮች ላይ ተወስኖ ነበር፤ ከ2008 ጀምሮ ወደ ቀዩ አፈር ተሻገረ፤ በ2019 ከሜዳው ከሲሶ በላይ ታርሷል። በአንጻሩ ሣር የተራቆተበት መሬት ስፋት በእነዚያ ዓመታት ጉልህ ለውጥ አላሳየም።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? እኔ እንደማየው ሁለቱ ምክንያቶች አይነጣጠሉም። ማረሻ ሲሶውን ሲወስድ የከብቱ ቁጥር በሲሶ አይቀንስም፤ ያው መንጋ በቀረው ላይ ይጨናነቃል። አርብቶ አደሩን ብቻውን መክሰስ ስለዚህ ተገቢ አይደለም፤ ግጦሹን ያበላሸው መሬቱ የጠበበበት ሰው ነው። ይሁን እንጂ ግጦሽና እርሻ ለወፏ እኩል አይደሉም። የተጎዳ ሣር ዝናብ ሲያገኝና ሲያርፍ ይመለሳል። የታረሰ ባን በአንድ ሰው ዕድሜ የቀድሞ ሣሩን መልሶ አያገኝም።

የጅግጅጋ ሁኔታ ከሊበን ይብሳል። ሊበን ላይ ማረሻው ከደረሰ 30 ዓመት ገደማ ነው። ጅግጅጋ ላይ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ገብቷል፤ ትራክተርም ይዟል።

ማሳው የሚያስተናግዳቸው

ይህ ሁሉ ማሳው ለወፍ ምንም አይሰጥም ማለት አይደለም። የምሥራቁ የአገር ማሽላ በበልግ ተዘርቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ማሳ ላይ የሚቆይ ረጅም ሰብል ነው። ሲያሽት እህል በል ወፍ ሁሉ ይሰበሰብበታል። ማማ ላይ የሚወጡት ልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ይጮኻሉ፤ ትልቁ ጠላታቸው ግሪሳ ነው። ማሽላው ተቆርጦ ቆረቆንዳው ሲቀር ደግሞ ሌላ ወፍ ይመጣል፤ ከወደቀው እህል ላይ ጅግራ፣ ቆቅና ዋኔ ይለቅማሉ። ከአውሮፓና ከእስያ የብርድ ወራቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በታረሰው መሬት ላይ ነፍሳት ያድናሉ። አንበጣና ተምች ሲነሣ ነጭ ሽመላ በመንጋ ይወርዳል።

ስለ ግሪሳና ስለ አንበጣ የሚነሣው ክርክር ከዚህ ይያያዛል። ገበሬው ዓመቱን የደከመበት ማሽላ በሁለት ቀን ሲበላ ማየት ከባድ ነው፤ ርጭት መጠየቁም አይፈረድበትም። ነገር ግን በግሪሳ ማደሪያ ላይ ከአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ ሌሎች ወፎችንና እነርሱን የሚያድኑ ጭልፊቶችን እንደሚገድል በአፍሪካ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ ክልሉን ሲወርር ርጭቱ አስፈላጊ ነበር፤ አንበጣ የሚበሉትን ወፎች መቁጠር ግን የዘመቻው አካል መሆን ነበረበት።

ከብት ራሱም ወፍ ይመግባል። ጥንብ አንሳዎች በአፍሪካ በ30 ዓመት ውስጥ በአማካይ ከግማሽ በላይ ተመናምነዋል፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን ከባልካንና ከቱርክ የሚመጣው የግብፅ ጥንብ አንሳ የብርድ ወራቱን የሚያሳልፈው የአርብቶ አደሩን መንጋ ተከትሎ ነው። አርብቶ አደርነት ከተዳከመ የእርሱም ማዕድ ይነሣል።

መጤ አረም ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይቀማል። ፓርቴኒየምን ሶማሊው «ከሊጊ ኖሌ»፣ ብቻውን የሚኖር ይለዋል። በ1980ዎቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ የጅግጅጋን ማሳ፣ መንገድ ዳርና ግጦሽ ወርሯል። ከብት አይበላውም፤ ሣርም ከሥሩ አይበቅልም። አያያዙ ባህላዊም ዘመናዊም ቢሆን በዚህ አረም በተያዘ ሜዳ የሣር ወፍ መኖሪያ የላትም።

አጥር፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

መፍትሔ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መከለል ነው። በሊበን «ካሎ» የሚባለው የቦረና ልማድ ተመልሶ ሥራ ላይ እንዲውል ተሞክሯል። ካሎ ማኅበረሰቡ በጋራ የሚያጥረው፣ ለጥጃና ለደከሙ ከብቶች የሚቆይ ግጦሽ ነው፤ ሽማግሌዎች ይጠብቁታል፤ ሣሩ ሲያገግም ላርኳም መኖሪያ ታገኝበታለች። የሰውና የወፍ ጥቅም የሚገናኝበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ብዙ አይገኝም።

በጅግጅጋና በሐርሺን በኩል ያለው አጥር ግን በአብዛኛው የግል ነው። ሰውዬው በእሾህ የሚያጥረው ዛሬ ለሣር ሊሆን ይችላል፤ ሣሩን ይሸጠዋል። ነገ ግን ያንኑ ያርሰዋል፤ አጥሩም የይዞታ ማስረጃው ይሆናል። በሁለቱም ቦታ ሣሩ ለጊዜው ያድጋል። ልዩነቱ በአምስተኛው ዓመት ነው የሚታየው። ስለዚህ «መከለል ወፍን ይጠቅማል» የሚለው መደምደሚያ ከሊበን ተነሥቶ ወደ ጅግጅጋ በቀጥታ ሊሸጋገር አይችልም፤ የሚወስነው የአጥሩ ባለቤት ማንነት ነው።

ያልተቋጨው

በዓለም ያለው ትልቁ ክርክር መሬትን መካፈልና መሬትን መለየት በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ነው። የመጀመሪያው ወገን ሰፊ መሬት ላይ ለስለስ ያለ እርሻ ይሁን፣ ወፉም ከሰብሉ ጋር ይኑር ይላል። ሁለተኛው ትንሽ መሬት በደንብ ይታረስና ምርቱ ይጨምር፣ የቀረው ሳይነካ ይቆይ ይላል። በ2011 ቤን ፌለንና ባልደረቦቹ በጋናና በሕንድ ባደረጉት ጥናት ለአብዛኞቹ ዝርያዎች የሚበጀው መለየቱ ሆኖ ተገኝቷል። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ጥያቄም ቀላል አይደለም፦ ምርት የጨመረ ገበሬ የቀረውን መሬት እንደማያርሰው ዋስትናው ምንድን ነው? ጅግጅጋ ላይ ትራክተር የገባው ማሳ ለመቀነስ ሳይሆን ለማስፋት ነውና ጥያቄው እዚህም ይሠራል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ለጉርሱምና ለባቢሌ ተዳፋት መካፈሉ ይስማማል፤ የቆየው ቅልቅል እርሻ፣ አጥሩና ዛፉ ይጠበቁ። ለባኑ ግን መካፈል አይሆንም። ሣር ብቻ የምትኖር ወፍ ከማረሻ ጋር ልትካፈል የምትችለው የላትም፤ በባህላዊ በሬም ይታረስ በትራክተር ለእርሷ ያው ነው። ለባኑ ባህላዊው አያያዝ በልክ የሚጋጥ፣ የሚያርፍና የማይታረስ ግጦሽ ነው። ዛፍ ተከላውም እዚህ ላይ መመርመር አለበት። ከ2019 ጀምሮ በአገር ደረጃ የሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ለተራቆተ ተራራ መልካም ነው፤ የሊበን ላርክ ግን ዛፍና ቁጥቋጦ ያለበትን መሬት ትሸሻለች። ባኑን ደን ማልበስ ወፏን በችግኝ ማባረር ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። የቀሩት የሣር ቁራጮች ወሰናቸው ይለካ። የክልሉ የግብርናና የአርብቶ አደር ቢሮዎች የትራክተር እርሻ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ያንን ካርታ ይመልከቱ። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየዓመቱ በዝናቡ ወራት ወንዶቹ ሲያዜሙ ይቁጠሩ። የጎሳ ሽማግሌዎችም ከግል አጥር ይልቅ የጋራ ግጦሽ የሚጸናበትን ደንብ ይምከሩበት፤ ለከብቱም የሚበጀው እርሱ ነውና። የሊበን ላርክ በዓለም ላይ ትኖርባቸዋለች ተብለው የሚታወቁት ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይኸው የጅግጅጋ ሜዳ ነው።